ቢጫ ወባና የመንገደኛ ክትባት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር



ከጣራ ገዳም ተራራ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በመኸር ሩዝ ይታጨድበታል። ከዚህ አገር ሰው ለሥራ ወጥቶ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ ጎልማሳው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ድንበር ተሻግሮ የሠራም ብዙ ነው፤ እኅቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ከእኛም መካከል ነገ በየት በኩል እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ስለዚህ መንገደኛ ስለሚከተበው ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ጥቂት ልንናገር መረጥን። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን።)

በሽታ ከመንገደኛ ጋር እንደሚጓዝ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሰው አስተማሪ አያሻውም። በ2005 በአዲስ ዘመን ዙሪያ ካላዛር ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ንዳድ እየመሰለ ብዙ ሰው አታለለ፤ በተከታዮቹ ዓመታት የታከመው ሕመምተኛ ከ2 ሺህ በላይ ሆነ። ተመራማሪዎችም በሽታው ወደ መተማና ሁመራ ወርደው በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ገምተዋል። ለካላዛር ክትባት የለውም። ለቢጫ ወባ ግን አለው፤ የዛሬው ነገራችንም ይህ ነው።

ቢጫ ወባ ስሙ ያሳስታል። ከእኛ ንዳድ ጋር ዘመድ አይደለም። ንዳድን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ የንዳድ ክኒን አይፈውሰውም። የምታስተላልፈውም ትንኝ ሌላ ናት፤ የምትነክሰው በቀን ነው፤ በማድጋ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃም ትራባለች። ሕመሙ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በማስመለስ ይጀምራል። ብዙው ሰው በጥቂት ቀን ይድናል፤ ጥቂቱ ግን የተሻለው ከመሰለ በኋላ እንደ ገና ይወድቃል፤ ጉበቱ ይጎዳል፤ ዓይኑ የወፍ በሽታ እንደ ያዘው ሰው ቢጫ ይሆናል፤ ይደማል። እዚህ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

በአገራችን ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ ይህ በሽታ ተነሥቶ ወደ 30 ሺህ የሚሆን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በዚያ አገር አንዷ አስተላላፊ ትንኝ በእንሰት ቅጠል ብብት በሚቋጥረው ውሃ ውስጥ ስትራባ ተገኘች። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ እንደ ገና ታይቷል። ይህ ሁሉ ከሜዳችን ሩቅ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ካላዛርም ሩቅ ነበር።

ክትባቱ የተገኘው ከአፍሪካ ሰው ደም ነው። በ1927 አሲቢ ከተባለ የጋና ሰው ቫይረሱ ተወሰደ፤ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ ቫይረሱን ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው እያዛወሩ አደከሙትና በ1937 ክትባቱን አወጡ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አሲቢ ከሕመሙ ድኖ ቢኖርም ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ይህ እኛን ትንሽ ያሳዝነናል።

ወላጆቻችን ዘወትር የሚጠይቁን ግን «መርፌው ራሱ አይጎዳምን?» እያሉ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በሳቅ ሊታለፍ አይገባውም። በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠው ክትባት የሰው ደም ፈሳሽ ተጨምሮበት ስለ ነበር በአሥር ሺህ የሚቆጠሩት በጉበት በሽታ ታመሙ፤ ከዚያ ወዲህ ያ አሠራር ቀርቷል። ዛሬ አብዛኛው ተከታቢ ቢበዛ ለጥቂት ቀን ክንዱን ያመዋል፤ ቀላል ትኩሳትና ራስ ምታትም ይሰማዋል። ከባድ ጉዳት፣ ማለት የአንጎል ሕመም ወይም በሽታውን የመሰለ የጉበትና የሌላ አካል ጉዳት፣ በመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተቡ 100 ሺህ ሰዎች ወደ አንድ ሰው ያህል ላይ ይደርሳል። ዕድሜው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰው ላይ ግን ይበዛል።

ክትባቱ የደከመ ቢሆንም በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው። በዚህ ምክንያት የሰውነቱ መከላከያ በጣም ለተዳከመ ሰው፣ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃንና በደረቱ ውስጥ ባለው በቲመስ ዕጢ ለታመመ አይሰጥም። የሚዘጋጀው በዶሮ እንቁላል ስለ ሆነ እንቁላል ክፉኛ የሚያስቆጣው ሰውም አይወስደውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሐኪም ጋር ይመካከራሉ፤ ወደ በሽታው አገር መሄዳቸው የግድ ከሆነ አደጋው በሁለቱም በኩል ይመዘናል። እንግዲህ ከመርፌው በፊት ነርሷ ስትጠይቅ እውነቱን መናገር ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ጉዞዬ ይቀርብኛል ብሎ ቢደብቅ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሁሉ ይከለከላል ማለትም አይደለም፤ የመከላከያው ኃይል ተመርምሮ ይወሰናል።

ቢጫውን ካርድ በተመለከተ፣ ክትባቱን ሳይወስዱ ወረቀቱን ብቻ መግዛት የሚያስቡ አሉ። ትንኝ ማኅተም አታነብም። በ2016 በአንጎላ ወረርሽኝ ጊዜ ከዚያ ወደ ቻይና ከተመለሱ ሠራተኞች 11 ሰዎች በሽታውን ይዘው ገቡ፤ እስያ ቢጫ ወባን ስታስተናግድ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ በኋላ በ10ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ የሚከተብ ሰው በወረቀቱም በአካሉም አልተዘጋጀም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል፤ የድሮው የአሥር ዓመት ወሰን ተነሥቷል። ልጇን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ የምትሄድ አያት በዕድሜዋ ወይም በሕመሟ ምክንያት መከተብ ባትችል ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ በፊርማና በማኅተም ይሰጣታል፤ የምትሄድበት አገር ይህን ደብዳቤ ይቀበል እንደ ሆነ ትኬቱ ሳይቆረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።