ቁልፍና ዋጋ፦ በፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ የአሬይ አፈጣጠርና አጠቃቀም



በሰርቨር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከሚጻፉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፒ.ኤች.ፒ. ነው። ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለው ባለሙያ የመጀመሪያውን እትም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ቋንቋው ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ድረ ገጾች ላይ ይሠራል። የዚህ ንግግር ርእስ ከቋንቋው መሣሪያዎች መካከል እጅግ የተዘወተረው አሬይ ነው።

አሬይ ማለት በአንድ ስም ሥር ብዙ ዋጋዎችን አሰባስቦ የሚይዝ አደረጃጀት ነው። በሲ ቋንቋ አሬይ ዓይነታቸው አንድ የሆነና ተከታትለው የተቀመጡ ዋጋዎች ረድፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዋጋ የሚለየው ከዜሮ በሚጀምር ተራ ቁጥር ብቻ ነው። የፒ.ኤች.ፒ. አሬይ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም ሙሉ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋዎቹም የገቡበትን ቅደም ተከተል ይዘው ይቆያሉ። ስለሆነም ይኸው አንድ መሣሪያ እንደ ተራ ዝርዝርም፣ እንደ መዝገብም ሆኖ ያገለግላል።

አፈጣጠሩ ቀላል ነው። ዋጋዎቹን በነጠላ ሰረዝ እየለዩ በባለ ማእዘን ቅንፍ ውስጥ መጻፍ ይበቃል፤ ይህ አጭር አጻጻፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የ5.4 እትም ነው። ቁልፍ ካልተሰጠ ቋንቋው ራሱ 0፣ 1፣ 2 እያለ ይቆጥራል። ፎርኢች የተባለው ትእዛዝም ቁልፍንና ዋጋን በየተራ እያወጣ ያቀርባል።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው። የአንድ ማኅበር አባላት ስም የአባልነት ቁጥራቸው ቁልፍ ሆኖ ተመዘገበ ቢባል፣ ቁጥሩ በጽሑፍ መልክ 1042 ተብሎ ቢሰጥም ቋንቋው ወደ ሙሉ ቁጥር ይለውጠዋል፤ 0042 ግን በዜሮ ስለሚጀምር ጽሑፍ እንደሆነ ይቀራል። የሁለት ቅርንጫፎች መዝገብ አሬይ መርጅ በተባለው ፋንክሽን ሲቀላቀል የጽሑፍ ቁልፎች ይጠበቃሉ፤ የሙሉ ቁጥር ቁልፎች ግን ተሽረው ከዜሮ ጀምሮ አዲስ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የአባሉ ስም አለ፤ ማንነቱን የሚመሰክረው 1042 ግን ጠፍቷል። ከሁሉ የሚከፋው ኮምፒዩተሩ አንዳችም የስሕተት መልእክት አለመስጠቱ ነው። ሶርት የተባለው መደርደሪያ ደግሞ የቁጥርም ሆነ የጽሑፍ ቁልፎችን ሁሉ ይሽራል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሁለት መዝገቦችን በመደመር ምልክት ማጣመር ቁልፎችን ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ አንድ ቁልፍ በሁለቱም ቢገኝ የሚጸናው የፊተኛው ነው። ለመደርደርም ኤሶርት ዋጋን፣ ኬሶርት ቁልፍን ተከትለው ሲያስተካክሉ ቁልፍን ከዋጋው አይለያዩም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የ8.1 እትም የተጨመረው አሬይ ኢዝ ሊስት ደግሞ አንድ አሬይ ከዜሮ ጀምሮ ያለ ክፍተትና በተራ የተቆጠረ መሆኑን ይመረምራል።

ከዚህም የተነሣ ፕሮግራም ጸሐፊው የመጀመሪያውን መሥመር ከመጻፉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቁልፉ ተራን ብቻ የሚያመለክት ነው ወይስ ማንነትን? ተራን ብቻ ከሆነ ቢለወጥም ጉዳት የለውም። ማንነትን ከሆነ ግን ቁጥሩን በቁልፍነት ብቻ መተው አይበቃም፤ ከስሙ ጎን በዋጋው ውስጥ ጭምር መመዝገብ ይገባዋል። እንዲህ ከተደረገ ቁልፉ ቢሻር እንኳ አባሉ ቁጥሩን አያጣም።