ሕገ መንግሥቱን ማን ይተረጕመዋል?



በአያቶቻችን ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው በቆመበት ይቀር ነበር። ከዚያም ነጠላቸውን አቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ላቀርብላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ፣ የተጣሉት ሁለት መንግሥታት ሲሆኑስ ዳኛቸው ማን ነው? የሚል ነው።

ፌዴራላዊ አገዛዝ ማለት ሥልጣንን ለማዕከላዊው መንግሥትና ለክልሎች በሕግ ማካፈል ነው። አሜሪካኖች ይህን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1787 በፊላዴልፊያ ጻፉት። ሕግ አውጪውን፣ ሕግ አስፈጻሚውንና ዳኛውን ለያዩ፤ ትንሹም ትልቁም ስቴት እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር እንዲኖረው አደረጉ። በ1803ም ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በማርበሪና በማዲሰን ክርክር፣ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። በዚያ አገር ተርጓሚዎቹ ዳኞች ናቸው።

የአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሕዝቡ የተሰጠ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ግን በአንቀጽ 8 የሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ስለዚህም የመተርጐሙን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን እነርሱ ለሚወከሉበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው። ቃል ኪዳኑን የገቡት ራሳቸው ይተርጕሙት የሚለው ሐሳብ መልካም ነው። ችግሩ ፖለቲከኛው በራሱ ነገር ላይ ዳኛ ሊሆን መቻሉ ነው።

ይህም በ2012 ዓ.ም. ተፈተነ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲተላለፍ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን ትርጕም ሰጥቶ የመንግሥቱን የሥራ ዘመን አራዘመ። የትግራይ ክልል ይህን ሳይቀበል በጳጉሜን የራሱን ምርጫ አደረገ፤ ምክር ቤቱም ምርጫው ዋጋ የለውም አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን የሚያምነው ዳኛ ቢኖር ኖሮ ከጠመንጃ በፊት ነጠላ ይቋጠር ነበር እላለሁ።

ዳኛ መሆን ብቻም አይበቃም። ያው የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1857 ጥቍሮች ዜጎች አይደሉም ብሎ ፈርዶ ነበር፤ አገሪቱም በ1861 እርስ በርሷ ተዋጋች። ዳኛው ነጻም እውነተኛም ሊሆን ይገባል።

እኛ የሀይሌ ጋርመንት ልጆችስ? አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፤ በአንቀጽ 49 ግን ራሷን በራሷ የማስተዳደር መብት አላት፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ትወከላለች። የዋሽንግተን ነዋሪዎች በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ የላቸውምና በዚህ እንሻላለን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት ግን የክልል ምክር ቤቶች ስለ ሆኑ፣ ከተማችን በስሟ የምትልከው ሰው የለም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ 18 ዓመት የሞላን ሁሉ በአንቀጽ 38 መሠረት መራጮች ነን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ልጆች ነንና፣ ድምፃችንን የሚለምነንን ሰው ስለ መንገድና ስለ ውሃ ብቻ ሳይሆን «ዳኝነት ነጻ እንዲሆን ምን ታደርጋለህ?» ብለን እንጠይቀው።