ጋኑ አሥር እጥፍ ሲያድግ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እርሾ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ፣ «ይህስ ከጠላ ቤት እንጂ ከአዳራሽ የሚነገር አይደለም» ብለው የሳቁ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይሳቁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም።

እንደሚታወቀው ይህ ደጋ የገብስ አገር ነው። ወገራም፣ ዳባትም፣ ደባርቅም ገብስ ያበቅላሉ። በጎንደር ከተማ ስሙን ከእኛው ተራራ የወሰደው ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ቢራ ይጠምቃል፤ የብቅል ፋብሪካም እዚያው ጎንደር ቆሟል። በዚህም ምክንያት በየጊዜው ከመካከላችን አንዱ ብድግ ይልና፣ «እኛስ ጠላችንን በጠርሙስ አድርገን ለምን ለአገሩ ሁሉ አንሸጥም? ጋኑን ማሳደግ ብቻ ነው!» ይላል። አሳቡን እወደዋለሁ። የምጣላው «ብቻ ነው» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

በመጀመሪያ ጠማቂዋ ምን እንደምታደርግ እንመልከት። ጋኑን አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ጠንስሳ ጥቂት ቀን ታቆየዋለች፤ ከዚያም ቂጣውን ወይም እንኩሮውን ጨምራ ትደፈድፋለች፤ በመጨረሻም ውሃ ሞልታ አፉን ትመርጋለች። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ መሣሪያ የምትለካው አያሌ ነገር አለ። እጇን በጋኑ ሆድ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን ታውቃለች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ሲፈላ ትሰማለች፤ አሽትታ ወደ መኮምጠጥ ማዘንበሉን ትለያለች። ብርዱ የጠና እንደ ሆነ ጋኑን ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። ይህ በሳይንስ ቋንቋ ክትትልና ቁጥጥር የሚባለው ነው። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጠላ ጥናት ባሳተሙ ጊዜ እርሾና አሲድ ፈጣሪ ባክቴሪያዎች በአንድ ጋን ውስጥ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። እንግዲህ ጠማቂዋ የምታስተዳድረው አንድ ፍጥረት ሳይሆን የሚሻማ ማኅበር ነው።

አሁን ጋኑን እናሳድገው። 100 ሊትር የሚይዝ ጋን ይኑረን። ቁመቱንም ወርዱንም አሥር አሥር እጥፍ ብናደርገው የሚይዘው ሺህ እጥፍ፣ ማለት 100,000 ሊትር ይሆናል። የጋኑ ገላ ግን የሚያድገው መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ግድግዳ ከቀድሞው አንድ አሥረኛ ሆነ። ይህ ለምን ያሳስበናል? እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሙቀት ስለሚያወጣ ነው። በቢራ ልክ ብናስበው፣ በ100 ሊትር ጭማቂ ውስጥ 8 ኪሎ ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ የሚወጣው ሙቀት ያንኑ 100 ሊትር በ11 ዲግሪ ያህል ለማሞቅ ይበቃል። ትንሹ ጋን ይህን ሙቀት በገላው በኩል ለደባርቅ ብርድ ያስረክበዋል፤ ጠማቂዋም ሙቀቱ እንዳያንስ እንጂ እንዳይበዛ አትጨነቅም። ትልቁ ግን ሙቀቱን የሚያስወጣበት በር ስላጣ በራሱ ይግላል። እርሾው ሲግል ይቸኩላል፤ ሲቸኩል የበለጠ ይግላል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ሙቀት የሚወዱት አኮምጣጮችም ጊዜያቸውን ያገኛሉ። እንግዲህ ችግሩ ተገለበጠ፤ በትንሹ ጋን ምድጃ የፈለገችው ጠላ በትልቁ ማቀዝቀዣ ትፈልጋለች። የቢራ ፋብሪካ ታንኮች በግድግዳቸው ውስጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርባቸው ለዚህ ነው።

ስለ ጋዙም አንድ ቃል ልጨምር፤ ነገሩ የሕይወት ጕዳይ ነውና። ያው 8 ኪሎ ስኳር 4 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይህም በደባርቅ አየር 3,000 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ከአንድ ጋን የወጣው በቤቱ ቀዳዳ ሁሉ ይበተናል። ከመቶ ሺህ ሊትር ታንክ የሚወጣው ግን ከአየር ስለሚከብድ በመሬቱ ላይ ይተኛል፤ ታንክ ሊያጥብ የገባ ሠራተኛም ትንፋሽ አጥቶ ሊሞት ይችላል። በታላላቅ ጠመቃ ቤቶች ይህ የደረሰበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወደ ታንክ ከመግባት በፊት አየሩን መለካት ግዴታ ነው፤ ሻማ ማብራት አይበቃም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከፍታው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ይህን አያውቅም፤ የተጻፈው በቆላ ላሉ ሰዎች ነውና። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ90 ወይም በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢራ ጠማቂ ሆፕን ሲቀቅል ምሬቱ የሚወጣው እየዘገየ ነው፤ ወይ ጊዜ መጨመር ወይ በግፊት መቀቀል አለበት። እርሾ ሲጀምር ለመባዛት የሚፈልገው ኦክስጅንም በዚህ አየር ከተናፈሰ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ያንኑ 70 በመቶ ያህል ነው። የባሕር ጠረፍ ሰው የጻፈውን ቃል በቃል የተከተለ ጠማቂ እርሾውን በረኃብ ያስጀምረዋል ማለት ነው።

በጣም አደገኛው ግን ኦቶክላቩ ነው፤ መምህራኖቻችን ይህን በትዕግሥት ይስሙልኝ። በመጽሐፉ «15 ፓውንድ ግፊት ለ15 ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ 121 ዲግሪ ማለት ነው። ነገር ግን የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። ደባርቅ ላይ የውጭው አየር ቀሊል ስለ ሆነ መርፌው 15 ላይ ሲቆም በውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ ያህል ነው። አምስት ዲግሪ ምንድን ነች ትሉ ይሆናል። ጠንካሮቹን የባክቴሪያ ዘሮች ለመግደል አሥር ዲግሪ ሲቀንስ ጊዜው አሥር እጥፍ ያድጋል ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህ ስሌት አምስቱ ዲግሪ 15ቱን ደቂቃ ወደ 47 ደቂቃ ያደርሱታል። ወይም መርፌውን ከ19 ፓውንድ በላይ ማድረስ ይገባል፤ ይህም ዕቃው የሚችለው ሲሆን ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመርፌው ይልቅ በውስጡ ያለውን ቴርሞሜትር ማመን ነው።

ለመሆኑ ይህ የመለካት ጥበብ ከወዴት መጣ? ከፊሉ ከጠመቃ ቤት ነው የመጣው። ኮፐንሃገን ባለው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስትያን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 እርሾን ከአንድ ሕዋስ ለይቶ ንጹሑን ማራባት ቻለ። ዛሬ በኬሚስትሪ ክፍል የምናጠናውን ፒ ኤች የሚባለውን የአሲድ ልክ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው በዚያው ቤት ነው። በደብሊን የጊነስ ጠመቃ ቤት የነበረው ዊልያም ጎሴት ደግሞ በማይክሮስኮፕ እርሾ ሲቆጥር፣ ቁጥሬ እስከ ምን ድረስ ይታመናል ብሎ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው ጽሑፍ ስለዚህ ነው። ቀጣሪዎቹ በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀዱለት የብዕር ስሙን «ስቱደንት»፣ ማለት «ተማሪ» አለ። ስታትስቲክስ የምትማሩ ሁሉ በየፈተናው የምትረግሙት «ተማሪ» እንግዲህ ይህ ነው።

ነገሩ ከመጠጥም ያልፋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን በሬዎቻችንን የፈጀው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር፤ የአገሩም ሕዝብ አብሮ አለቀ። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ለዚህ ያበቃው ክትባት በኬንያ ሙጉጋ ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ ከጥጃ ኵላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ያሳደጉት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተመሠረተው ብሔራዊ ተቋም የእንስሳት ክትባት በሕዋስ እርባታ ያመርታል። የእንስሳ ሕዋስ ግን እንደ እርሾ ጠንካራ አይደለም። ቅርፊት የለውም፤ በኀይል ቢያማስሉት ይፈነዳል፤ አብዛኛውም የሚያድገው በጠርሙስ ገላ ላይ ተጣብቆ ነው። እነሆ የጋኑ ሒሳብ ተመልሶ መጣ፤ ጠርሙሱን ብናሳድግ የሚጣበቅበት ገላ በአንጻሩ ያንሳል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በዝግታ እያንከባለሉ ሕዋሱን በውስጡ ገላ ዙሪያ ሁሉ ያሳድጉታል፤ ወይም እ.ኤ.አ. በ1967 ቫን ዌዘል የተባለው ሆላንዳዊ እንዳሳየው፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንክብሎችን ጨምረው ገላውን ያበዙለታል።

ወደ ጠላችን ልመለስ። ጋን ሲኮመጥጥ ለጠላ ሻጯ የአንድ ሳምንት ገበያ ጠፋ ማለት ነው፤ ቢሆንም አተላውን ለከብት ሰጥታ ሌላ ትጠነስሳለች። መቶ ሺህ ሊትር ሲኮመጥጥ ግን የሚጠፋው የብድሩ ገንዘብና የገበሬው የገብስ ዋጋ ነው፤ ኮምጣጣውም ወደ ወንዝ የተለቀቀ እንደ ሆነ ከታች ያለው ሰውና ከብት የሚጠጣው ይበላሻል። ከጥቂት ጋኖች ተነሥቶ ወደ ታላቁ ታንክ የሚዘል ሰው በሌላው ገንዘብ ቁማር ይጫወታል ብል አላጋነንኩም። በ100 ሊትርና በ100,000 ሊትር መካከል አንድ የ1,000፣ አንድ የ10,000 ሊትር ደረጃ መኖር አለበት፤ በየደረጃውም ሙቀቱ፣ የስኳሩ ልክና አሲዱ ተጽፎ ከቀድሞው ጋር መተያየት አለበት።

ሌላም አስቡ። ፋብሪካው የተሳካ እንደ ሆነ በጠላ ልጆቿን የምታሳድገው ሴት ምን ትሆናለች? ጥበቡን ከእርሷ ወስደን፣ ስሙን ለማሽኑ ሰጥተን፣ ገበያዋን ብንዘጋባት ይህ ልማት ነው ለማለት ያዳግተኛል። የእኔ አሳብ ጠማቂዎቹ በማኅበር ሆነው የ1,000 ሊትሩን ደረጃ ራሳቸው ቢይዙ፣ እኛ ደግሞ መለኪያ ይዘን ብናገለግላቸው ይሻላል የሚል ነው። አይሆንም የምትሉ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ እንከራከር።

ለጊዜው ግን ያለ ብድርና ያለ ታንክ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ አለ። ሊማሊሞን የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጥቂት ሰዓት መንገድ ከደባርቅ ብርድ ወደ አዲ አርቃይ ሙቀት ይደረሳል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በነጻ ሰጥታናለች። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአዲ አርቃይ ፈቃደኛ የሆኑ ጠማቂዎችን እንጠይቅ፤ ከየቦታው ሦስት ሦስት ጋን ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ሃይድሮሜትር፣ የፒ ኤች ወረቀትና አንድ ደብተር ያስፈልጋል። ጧትና ማታ ይለካ፤ አንድ ጊዜ በክረምት፣ አንድ ጊዜ በበጋ ይደገም። በደብተሩ በግራ ገጽ ቁጥሩ፣ በቀኝ ገጽ ጠማቂዋ በዚያው ሰዓት በእጇ፣ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ያወቀችው በራሷ አነጋገር ይጻፍ። ስሟ እንዲጻፍ ካልፈቀደች በቁጥር ይመዝገብ፤ ለድካሟና ለምንቀዳው ናሙናም ይከፈላት። ጠላው ሲደርስ የሚቀምሰው ሰው ግን ቁጥሩን ያላየ ይሁን፤ ቴርሞሜትር የያዘው ተማሪ የቱንም ያህል ቢጠማው ከቀማሾቹ ወገን አይቆጠርም።