ከዚያስ ብሎ ስለ መጠየቅ

ባለፈው ሳምንት በራዲዮ የተናገርሁትን ቃል እነሆ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላይ አቀርብላችኋለሁ። የንግግሬ ርእስ ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ነው። ይኸውም የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ከራሱ አፍ፥ ሳይቸኩሉና ሳያቋርጡ፥ ጠይቆ ስለ መስማትና ሰምቶም ስለ ማኖር ነው። ነገሩ የራዲዮ ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን እንደዚያ እንዳይደለ ንግግሬን ስፈጽም ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

አብዛኞቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ስለ ሆናችሁ፥ መዝገብ ምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በመዝገብ ላይ የሰው ስም ከነአባቱ፥ ዕድሜው፥ የትውልድ ቦታው፥ የመሬቱ ስፋትና የልጆቹ ቍጥር ይጻፋል። ይህ ሁሉ የሚያስፈልግ ነው፤ ያለ እርሱ ሥራ አይሠራም፥ ፍርድም አይሰጥም። ነገር ግን ያ ሰው ከማን እንደ ተማረ፥ ከምን መከራ እንደ ወጣ፥ ምን ትቶ ምን እንደ ያዘ መዝገቡ አይናገርም። ይህን ሊናገር የሚችል ባለታሪኩ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚናገረው ጠያቂ ያገኘ እንደ ሆነ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በትምህርት ቤት አይደለም። የተማርሁት በቆጋ ነው፤ ያስተማረኝም የገዛ ጥፋቴ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወደ መራዊ የተጓዘ ሰው የቆጋን ወንዝ ያውቀዋል። ቆጋ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሜጫ ምድር ግድብ ተሠርቶበት፥ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ ሆነ፤ በዚሁም ውሃ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲለማ ታቀደ። ከዚያ ወዲህ ዝናም በሌለበት በበጋ ወራት ስንዴ፥ ድንችና ሽንኩርት ይበቅልበታል። ሥራው በጎ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ውሃው የተኛበት ስፍራ ባዶ አልነበረም። የእርሻ መሬትና የከብት ግጦሽ ነበር፤ ኖረውበት የተነሡም ሰዎች አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለዚህ መስኖ የ15 ደቂቃ ዝግጅት እንዳሰናዳ ታዝዤ ወደ ቆጋ ሄድሁ። በዚያም ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማያንስ፥ የቀድሞ መሬታቸው ከውሃው ሥር የቀረ፥ በምትኩም በመስኖው ቦታ የሚያርሱ አንድ አባት አገናኙኝ። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን መቅረጫውን ከፈትሁና፥ «አባቴ፥ ባለፈው በጋ ስንት ኩንታል ስንዴ አገኙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፥ በበትራቸው ወደ ውሃው እያመለከቱ፥ «ስንዴውስ ይደርሳል፥ ልጄ። አስቀድሜ ያ ውሃ የተኛበት ምን እንደ ነበረ ልንገርህ። እኔ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ክረምት ነው፥ መሽቷል፥ ወንዙ ሞልቶ...» ብለው ጀመሩ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። አውቶሞቢሉ ይጠብቀኛል፤ ዝግጅቱም ለማግሥቱ ይፈለጋል። ስለዚህ፥ «እርሱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ፥ አባቴ፤ አሁን ስለ ስንዴው ይንገሩኝ» አልኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ያገኙትን ኩንታል ቈጥረው ነገሩኝ፤ አመስግኜ ተነሣሁ። ዝግጅቱ ቀረበ፤ ቍጥሩ የተጣራ ነው ተብሎም ተመሰገነ።

ዓመት አልፎ በሌላ ሥራ ወደዚያው አገር ስመለስ እኒያን አባት ጠየቅሁ። ዐርፈዋል አሉኝ። ልቅሶ ልደርስ ከቤታቸው ብሄድ ሴት ልጃቸውን አገኘኋት። ቡና አፍልታ ካስተናገደችኝ በኋላ፥ «ወንድሜ፥ አባዬን በመሣሪያ ቀርጸውት ነበር አሉ። ድምፁ ካለዎት ያሰሙኝ» አለችኝ። ያልታረመው ቅጂ በእጄ ነበርና ከፈትሁላት። የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ላይ አድርጋ፥ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ ትሰማ ጀመር። «ክረምት ነው፥ መሽቷል፥ ወንዙ ሞልቶ...» ካለው ላይ ሲደርስ የእኔ ድምፅ ገባና አቋረጠው። ቀጥሎ ያለው የስንዴ ነገር ነው። እርሷም ጥቂት ጠብቃ ቀና አለችና፥ «ከዚያስ?» አለችኝ።

የምመልስላት አልነበረኝም። «እርስዎስ ከዚህ በፊት አልሰሙትም ኖሯል?» ብላት፥ «እኛ ልጆቹ መች ጠይቀነው እናውቃለን» አለች።

ክቡራን አንባብያን፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረቱን ማወቅ ብቻ ግን የሚረሳውን አያድነውም። የሚያድነው ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአገራችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቆጋ ውሃ በግልገል ዓባይ በኩል ወርዶ ከሚገባበት ከጣና ሐይቅ ዳር እንጀምር።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፥ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ አሻፈረኝ ብለው፥ ከትዳራቸው ወጥተው፥ በጣና ዙሪያ ማኅበረ መነኮሳትን ያቆሙ እናት ናቸው። ያረፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1642 ዓ.ም. ነው። ገድላቸውን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ግን በ1672 ዓ.ም.፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እርሱም ከልቡ አንቅቶ የጻፈው አይደለም፤ አብረዋቸው የኖሩትንና የሚያውቋቸውን ሰዎች ቃል ሰብስቦ ነው። ስለዚህም በገድሉ ውስጥ ተአምራቱ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ድካም፥ የማኅበሩ ኑሮ፥ ከወዳጃቸው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራቸው ፍቅር ጭምር ተጽፎ ይገኛል። ገላውዴዎስ ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ፥ ያዩት ሁሉ አልቀው፥ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘም ነበር።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከባሕር ማዶ አመጣለሁ። ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የተገኙት አባ ጎርጎርዮስ፥ ጀርመናዊውን ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍን በ1649 ዓ.ም. በሮም ተዋወቁ፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው፥ በመስፍኑ ግንብ ተቀምጠው፥ ሉዶልፍ የጠየቃቸውን ስለ አገራቸው፥ ስለ ቋንቋቸውና ስለ ሥርዓታቸው መለሱለት። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙው ምንጭ ይህ ጭውውት ነው። እኒያ አባት በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከብ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። የነገሩት ግን አልሰጠመም፤ አስቀድሞ ተጠይቆ ተጽፎ ነበርና።

ሦስተኛው ለእኛ ዘመን የሚቀርበው ነው። ደራሲው መንግሥቱ ለማ፥ በውጭ አገር ተምረው፥ ተውኔትና ግጥም በመጻፍ የታወቁ ሲሆኑ፥ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩትን አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጠው የሕይወት ታሪካቸውን በድምፅ መቅረጫ ቀዱ። ይህም ቃል «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው አለቃ ከፊቱ ተቀምጠው የሚያወጉት ይመስለዋል፤ ልጃቸው የአባታቸውን የአነጋገር ወዝ ለማሳመር ብለው አላጠፉትምና። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፥ እጅግ የተማረው ልጅ አባቱን ለማስተማር ሳይሆን ከአባቱ ለመስማት መቀመጡን ነው። ከዚያም ወዲህ ወይዘሮ መዓዛ ብሩ በሸገር ራዲዮ «የጨዋታ እንግዳ» በተባለው ዝግጅታቸው አንዱን እንግዳ ለብዙ ሳምንታት በማጫወት፥ ሕዝቡ የሰውን ታሪክ በትዕግሥት እንዲያዳምጥ አድርገዋል።

እኔም ከዚያች ልጅ ቤት ከወጣሁ በኋላ፥ የዕረፍት ጊዜዬን ጠብቄ እንደ ገና ወደ ቆጋ ሄድሁ። የእኒያን አባት አብሮ አደግ አፈላልጌ ሦስት ቀን ከእርሳቸው ጋር ተቀመጥሁ። በእነዚህ ሦስት ቀናት የተማርሁትን ባካፍላችሁ ለእናንተም ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አንደኛ፥ ሰው የልቡን ነገር በአቦል ቡና አይናገርም። በአቦል የሚነገረው ለመንገደኛ ሁሉ የሚነገረው ነው። ቶናው አልፎ በረካው ሲቀዳ፥ ያውም በማግሥቱ፥ ያን ጊዜ እውነተኛው ነገር ይመጣል። ስለዚህ ሰዓት የሚያይ ጠያቂ ባይጠይቅ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፥ ሽማግሌን ዓመተ ምሕረት እየጠየቁ ማስጨነቅ አይገባም። «ይህ የሆነው መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብሎ በእርሱ ዘመን መለኪያ ቢጠይቁት፥ ዘመኑን ራሱ ያገኘዋል። ዐዋጁ በ1967 ዓ.ም. እንደ ወጣ የማወቅ ሥራ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው።

ሦስተኛ፥ ተናጋሪው ቢሳሳት በንግግሩ መካከል አታርሙት። የሰው ትውስታ ቀንን ከቀን፥ ሰውን ከሰው ሊያምታታ ይችላል። ገላውዴዎስ እንዳደረገው ሌላ ምስክር መጠየቅ ይቻላል፤ የታረመ ሽማግሌ ግን ፈርቶ ዝም ይላል።

አራተኛ፥ «ይህን ለማንም አትንገር» የተባለውን አለመንገር ነው። የሰው ታሪክ የባለቤቱ ሀብት ነውና፥ ያለ ፈቃዱ ቢያወጡት ከመስረቅ አይለይም። ከተቀዳውም አንዱን ቅጂ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ለቤተ ሰቡ መስጠት ይገባል።

በሦስተኛው ቀን፥ በረካው ሲቀዳ፥ ስለዚያች የክረምት ሌሊት ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ብዙ አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦ «አዎን፥ አብረን ነበርን። ከብቱ ግማሹ ከማዶ ቀርቶብን ወንዙ ሞላ። እርሱ ከእኛ ጋር የነበረውን በሬ ወደ ውሃው ነድቶ፥ ጭራውን ይዞ ተሻገረ። እኔ ፈራሁና ቀረሁ። እስኪነጋ ድረስ እየተጣራሁ ከወዲህ አደርሁ። በነጋው ከብቱን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የልጅ ጠባይ አልነበረውም። በማዶ ምን እንዳገኘው አላውቅም። ያን ሊነግርህ የሚችል እርሱ ነበር።»

ይህን የሰማሁትን ቃል ቀድቼ ለልጅየው አደረስሁላት። ደስ አላት። ግማሹ ግን ዛሬም የለም፤ ከእንግዲህም አይገኝም። መሻገሪያው ከውሃው ሥር ነው፤ የተሻገረውም ሰው ከአፈር በታች ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ እናንተ በከተማ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት መዝገብ ለልጅ ልጅ የሚቈይ ነው። በየቤታችሁም በየትውልድ አገራችሁም በማንም መዝገብ ያልተጻፉ አባቶችና እናቶች አሏችሁ። መቅረጫ የለኝም የምትሉ አትሆኑም፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ድምፅ ይቀርጻልና። ለመጪው በዓል ወደ ቤተ ሰብ ስትሄዱ ስጦታችሁን ካበረከታችሁ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨምሩላቸው። ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡና፥ «በልጅነትዎ ነገሩ እንዴት ነበር?» በሉ። ሲጀምሩ አታቋርጧቸው። ዝም ሲሉም አትነሡ፤ ጥቂት ጠብቁና፥ «ከዚያስ?» በሉ።

እኔ ያን ቀን በቆጋ ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ጊዜ አጥቼ ነበር።

በደኅና ያገናኘን።