ጉባኤው ወደ ደኑ ዳር ይምጣ



በመጪዎቹ ወራትና ዓመታት የተጎዳ መሬትን ስለማዳንና ብዝኀ ሕይወትን ስለመጠበቅ የሚመክሩ ስብሰባዎች በአካባቢያችን ይበዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሥነ ምህዳር ማገገሚያ ብሎ የሰየመው ዐሥርት ዓመት እ.ኤ.አ. በ2030 ያበቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ላይ 15 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም እሠራለሁ ብላ ቃል ገብታለች። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 32ኛው የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እስከዚያ ድረስ ክልሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና ጎረቤት አገሮች በየፊናቸው አውደ ጥናት መጥራታቸው አይቀርም። የዛሬው ንግግሬ የታሰበው ለእነዚያ አውደ ጥናቶች ነው።

አውደ ጥናት መሬት ላይ ለውጥ የሚያመጣው መሬቱን የሚያርሰው፣ ደኑን የሚጠብቀው ሰው ማስረጃውን በዓይኑ አይቶ መፍትሔውን ራሱ ሲወስን ነው። ይህን የምለው ከምኞት ተነሥቼ አይደለም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በተግባር የታየ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ምርምራቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶና ተግጦ ባለቀበት አገር፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ አንድ ላይ ተሰብስበው የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። ይህን ያቆዩልን አባቶቻችን ናቸው፤ ምስጋናው ለእነርሱ ይገባል። ምርምሩ ያሳየው ግን ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሚተካቸው የለም። በአዘቦት ቀን ከብቱና ፍየሉ ይገባል፣ በንግሥ ቀን ሕዝቡ ይረግጠዋል። ከፊሉ ቦታ ታጥሮ ከፊሉ ክፍት ተትቶ ችግኞቹ ክትትል ሲደረግላቸው፣ ከብት ባልገባበት በኩል የተረፈው ችግኝ በግልጽ በለጠ።

ይህ ውጤት ለምን ሊያሳስበን እንደሚገባ የምንረዳው፣ ፕሮፌሰር ደምል ተከታይና ሌሎች የአገራችን ተመራማሪዎች በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ ዘር የሠሩትን ስናስተውል ነው። የደጋ ደን ዛፎቻችን አብዛኞቹ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያቆዩም። ዘሩ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፣ አለዚያም ይበሰብሳል ወይም ይበላል። ከደን የተወሰደ አፈር እርጥበት ሲሰጠው በብዛት የሚያቆጠቁጠው ሣርና አረም ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ እናት ዛፍ ተተኪ ሳታፈራ ከወደቀች፣ ከአፈሩ የምንጠብቀው ነገር የለም።

ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን የተዋወቁት በአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ነበር። ከትውውቃቸው በኋላ ካህናትን ወደ አውደ ጥናት ጠሩ። ከሳተላይት የተነሡ ምስሎች ታዩ። ካህን ደኑን የሚያውቀው ከውስጥ ነው። የትኛው ዛፍ በማን ዘመን እንደወደቀ፣ የትኛው ጥላ ሥር ማን እንዳረፈ ያውቃል። ከላይ ሲያየው ግን ደኑ በሰፊ እርሻ መካከል የቀረ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ታየው፤ እርሻው ምን ያህል እንደተጠጋም አስተዋለ። ከውይይቱ የወጣው መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ራሳቸው ካህናቱ ናቸው።

የዚህ ሐሳብ ጥበብ ቀላልነቱ ላይ ነው። ድንጋዩ በየማሳው ሞልቷል። ገበሬው ለቅሞ ሲያወጣው እርሻው ይጠራለታል፣ በሬውም ይቀለዋል፤ ደኑም አጥር ያገኛል። ካቡ ከቆመ በኋላ ከብት አይገባም፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር ወደ ውስጥ ይገፋ የነበረው ማረሻም ይቆማል። ምእመናኑ በበሩ ይገባሉ፣ በበሩ ይወጣሉ። ከውጭ የተገኘው ገንዘብ ሥራውን አግዟል። ሆኖም ካቡን የሚጠብቀው፣ የፈረሰውን መልሶ የሚክበው ደብሩና ሰበካ ጉባኤው ነው። ደኑን አጥሩ የሚል ትእዛዝ ከቢሮ ቢወርድ ኖሮ በዚህ መልክ የሚሠራ አይመስለኝም።

ካቡ ብቻውን ግን ደን አያድንም። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከቅርብ ዓመታት ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ራሳቸው ጸንተው መቆየታቸውን፣ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን መጥፋቱን አሳይተዋል። ዱሮ ከደኑ ጠርዝ እስከ እርሻው ድረስ ወፍ የሚያርፍበት፣ ንብ የምትቀስምበት ዱር ነበር። ዛሬ ደኑ ካለቀበት ጀምሮ ማሳ ነው። አንዳንድ ቦታም ባሕር ዛፍ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ስለዚህ የሚቀጥሉት አውደ ጥናቶች ሊመክሩበት የሚገባው በደንና በደን መካከል ስላለው መሬት ነው፤ ስለ ወንዝ ዳሩ፣ ስለ ቦረቦሩ፣ ለእርሻ ስለማይመቸው ተረተር። እነዚህን ከንክኪ ነፃ ለማድረግ መስማማት ያለባቸው ደግሞ ካህናቱ ብቻ ሳይሆኑ የየማሳው ባለቤቶች ናቸው።

ከደቡቡ የአገራችን ክፍል ሌላ ምሳሌ ላንሣ። በወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ፣ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት አገግሟል። መሬቱን ተረክበው የሚያስተዳድሩት በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ነዋሪዎች ናቸው። እዚያ አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። ዛፉ ከተቆረጠ ዓመታት ቢያልፉም ጉቶውና ሥሩ በሕይወት ነበሩ፤ ከብት እየጋጠው፣ ሰው እየቆረጠው ቀና እንዳይል ተደርጎ ነው እንጂ። ቦታው ሲከለል ከየጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ጥቂት ቀንበጦች ያስቀራል፤ የቀሩትን ከሥራቸው ይቆርጣል፤ ከሚቀሩትም ላይ የታችኛውን ቅርንጫፍ ይመለምላል። የተቆረጠው ለማገዶ ይሆናል። የቀረው፣ ሥሩ አስቀድሞ መሬት ውስጥ ስለተዘረጋ፣ ከተተከለ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ይህን ዘዴ በኒጀር ያስፋፉት አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ናቸው። ሁምቦ የደረሰውም ከአፍሪካ ወደ አፍሪካ በተጓዘ ልምድ ነው። የቀጠና ጉባኤዎች እንዲህ ያለውን ልምድ ካሻገሩ ድካማቸው ከንቱ አይሆንም።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። ሁምቦ ላይ ሕያው ጉቶ ስለነበረ መከለልና መመልመል በአብዛኛው በቂ ነበር። ጉቶም እናት ዛፍም በሌለበት የደቡብ ጎንደር ማሳ ዳር ደግሞ ዘር ካልመጣ፣ ችግኝ ካልተተከለ ብዙ አንጠብቅም። መሬቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ተሳታፊው ተረተሩን ወጥቶ ጉቶውን በእጁ መዳሰስ፣ ከሥሩ ቀንበጥ ይኑር አይኑር ማየት አለበት። ስለዚህ ከስብሰባው ቀናት ግማሹ በመስክ እንዲያልፍ እጠይቃለሁ። በብዙ ስብሰባዎቻችን የመስክ ጉብኝት የሚመደብለት የመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ግማሹ ተሳታፊ ሻንጣውን አስሯል።

የስብሰባው ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። ባሕር ዛፍ በበጋው ተዘርቶ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። አገር በቀሎቹ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። የዝግባ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበቅልም፤ ወይራም ፍሬው ካልተሰነጠቀለት ይዘገያል። ከበቀሉም በኋላ ለተከላ እስኪደርሱ በችግኝ ጣቢያ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። እንግዲህ በግንቦት ተሰብስበን አገር በቀል ዛፍ ይተከል ብለን የአቋም መግለጫ ብናወጣ፣ በዚያው ክረምት የሚተከለው ችግኝ ጣቢያው አስቀድሞ ያፈላው ነው። ይህ ምክክር ዘር ከመለቀሙ በፊት መካሄድ አለበት። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችም ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ ይገባቸዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚተከል የሚወስነው በአብዛኛው በእነርሱ እጅ ያለው ዘር ነውና።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር ሴቶች ከስብሰባዎቹ መቅረታቸው ነው። አንድ ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ሲከለል የማገዶው መንገድ የሚረዝመው በእናቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። ሣሩን አጭደው ተሸክመው ለከብቱ የሚያቀርቡትም በብዙ ቤት እነርሱ ናቸው። ጥሪው ግን ለአባወራ ይላካል። ክልከላው የሚጸናው ሣሩ በማን ተራ እንደሚታጨድ፣ ደረቅ እንጨት በየትኛው ቀን እንደሚለቀም ከእነርሱ ጋር ስምምነት ሲደረስ ነው። ጥናቶቹም ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ ይቅረቡ። በሺህ የሚቆጠር ብር ወጥቶለት የመጣ ሰው በማይሰማው ቋንቋ ተናግረን ብናበቃ አሳተፍነው ማለት አንችልም።

በመጨረሻ ስለ በጀት። አዳራሽ፣ አበል፣ መጓጓዣ፣ ባነር ሁሉ ይታሰባል። ከሦስት ክረምት በኋላ ወደዚያው ቦታ ለመመለስ ግን ገንዘብ ሲያዝ እምብዛም አላየሁም። ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለው በየሪፖርቱ አለ፤ ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ለማወቅ ተመልሶ መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አዘጋጅ በዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር እንዲጨምር እለምናለሁ፤ ለመመለሻ ጉዞና ለቆጠራ። ቆጠራውን የሰበካ ጉባኤው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩና የወረዳው ባለሙያ አብረው ያካሂዱት። ውጤቱም ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በቀጣዩ ጉባኤ የመክፈቻ ሰዓት፣ ከማንኛውም ሌላ ጽሑፍ አስቀድሞ ይነበብ።