የወንዝ ዳር ልማትና የነዋሪው ድርሻ



በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የወንዝ ዳር ልማት ዕቅድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው «ገበታ ለሸገር» የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ነገር ግን ወንዝን ገንዘብ ብቻውን አያጠራውም። የላይኛው ሰፈር መጸዳጃና የፋብሪካ እጣቢ ወደ ውሃው እስከ ወረደ ድረስ፣ ከታች የሚተከለው አበባ ሽታውን አይሸፍንም።

ይህን የይጁቤ ገበሬም ያውቀዋል፤ የሚጠጣውን ከምንጩ ዐይን ይቀዳል፤ ከብቱን ግን ዝቅ ብሎ ያጠጣል። ሥርዓቱም የጸናው ጎረቤት ሁሉ ስለ ተስማማበት ነው። ስለሆነም መሐንዲሱ ከመናፈሻው አስቀድሞ የፍሳሽ መስመሩን ይንደፍ፤ የወንዝ ዳር ነዋሪም ተነሺ ብቻ ሳይሆን መካሪና ጠባቂ ይሁን። ያለ እርሱ ስምምነት የተሠራ ዳርቻ ከምረቃው ቀን በኋላ ባለቤት የለውም።