ርካሹ ኬራቲን

ሰላም፦ ዳዊት፣ ለበዓል ኬራቲን በቅናሽ ሲባል ሰምቼ ፀጉር ቤት ገባሁልህ። ፒያስትራው ፀጉሬን ሲነካው ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ!

ዳዊት፦ ሽንኩርት አስከተፉሽ እንዴ?

ሰላም፦ ቀልድህን ተው! መስኮቱ ዝግ ነው፤ ሠሪዋ የጨርቅ ማስክ አድርጋለች።

ዳዊት፦ ጨርቅ ጋዝ አያግድም እኮ። ከብዙዎቹ የኬራቲን ፀጉር ማለስለሻዎች ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ሰላም፦ ጠርሙሱ ላይ «ከፎርማልዴሃይድ ነፃ» ይላል።

ዳዊት፦ ከጀርባው «ሜቲሊን ግላይኮል» ካለ ያው እሱ ነው። ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ከሆነማ ጽሑፉን ማን ያምናል?

ሰላም፦ ፀጉሬ ግን ሐር ሆኗል፤ አልክድም።

ዳዊት፦ ይመርብሽ! አንቺስ አንዴ አሽትተሽ ወጣሽ፤ ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት።

ሰላም፦ እውነትህን ነው፤ ቢያንስ መስኮቱን ይክፈቱላት።